እስከ መቶው ወጥቶ መመለስ

ሐሙስ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ሰዓቱን እስከ ዛሬ የማስታውሰው የሳሙና ፋብሪካው ኃላፊ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ሚዛኑ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ አያቴ ፊት ስላስቀመጠው ነው። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሰዓቱ የቆዳ ማሰሪያ በላብ ጠቁሯል፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ጨው አውጥቷል። አስጠላኝ።

«እንግዲህ አባት» አለ ኃላፊው፤ «እንደ ጨዋታ ይቁጠሩት። እኔ ቁጥር እጠራለሁ፣ እርስዎ መልሱን ይነግሩኛል። ሌላ ምንም የለውም።»

እኔ ግን ጨዋታ አልመሰለኝም። ፈተና መሰለኝ፤ እኛ ክፍል እንደሚሰጠው ያለ። ፈተና ደግሞ የሚወድቀው ሰነፍ ነው።

ፋብሪካው ሞራ ያቀልጥ ነበር። ሞራው ከቄራ በበርሜል ይመጣል፤ ቢጫ ነው፣ አንዳንዴ ደም አለበት፣ ሙቀት ሲሆን ዝንብ ይሰፍርበታል። ይቀልጥና በትልቁ ብረት ድስት ውስጥ ኮስቲክ ይገባበታል። ኮስቲክ ሲያዩት ስኳር ይመስላል፤ ቆዳ ላይ ካረፈ ግን ይበላል። ሁለቱ በልክ ሲገናኙ ሳሙና ይሆናሉ። ኮስቲኩ ካነሰ ሳሙናው ይለሰልሳል፤ ከበዛ ደግሞ ሳሙናው ራሱ የሰው እጅ ይልጣል። ልኩን አውጥቶ የሚመዝነው ሚዛን ያዡ ነው፦ ለመቶ ኪሎ ሞራ አሥራ አራት ኪሎ ኮስቲክ። ሃያ ስድስት ዓመት ሚዛን ያዡ አያቴ፣ የእናቴ አባት ነበሩ።

እናቴ ከግድግዳው ወዲያ፣ መቁረጫ ክፍል ነው የምትሠራው። የረጋውን ሳሙና በተወጠረ ሽቦ ትቆርጥና በባዶ እጇ ትደረድራለች። እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ እሷ እስክትጨርስ ሚዛን ክፍል ነበር የምቆየው። ስለዚህ የአያቴን አሠራር ከማንም በላይ አየሁት። ከማንም በላይ ተጸየፍኩት።

አያቴ ሲያሰሉ አውራ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ ያርሳሉ። ከዚያ በእርጥቡ ጣት የሌሎቹን ጣቶች አንጓ አንድ በአንድ ይነካሉ። ጥፍራቸው ሥር ጥቁር ስብ አለ። ያ ጣት አፋቸው ውስጥ ሲገባ ባየሁ ቁጥር ምሳዬ ይተናነቀኛል።

«ሦስት መቶ ሰባ» ይላሉ ለራሳቸው። «አራት መቶ ልበለው። የአራት መቶ፣ ሃምሳ ስድስት። ሠላሳ አልፌአለሁ። የሠላሳ፣ አራት ከሁለት። ከሃምሳ ስድስት ላይ አራት ከሁለት ሲነሳ... ሃምሳ አንድ ከስምንት።» ሃምሳ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ማለታቸው ነው። ምንጊዜም እስከሚቀጥለው ሙሉ መቶ ይወጣሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ።

እናቴ እንዲህ አልነበረችም። ይህንኑ ቁጥር ብትጠይቋት ከሽቦው ላይ ቀና ሳትል ትበታትነዋለች፤ «የሦስት መቶው አርባ ሁለት፣ የሰባው ዘጠኝ ከስምንት፣ ሃምሳ አንድ ከስምንት። ምነው፣ ልትገዙኝ ነው?» ትላለች።

ሦስተኛው አስሊ ደግሞ ረዳት ሚዛን ያዡ ነው። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ። ሠራተኞቹ «ቶሎ-ቶሎ» ይሉታል፤ «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ከሚለው አሳጥረው። እሱ የፍጥነቱ ምስጋና መስሎት ደስ ይለው ነበር፤ እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ቶሎ-ቶሎ ቁጥሩን ያየዋል፣ የቀለለውን መንገድ ይመርጣል። ቁጥሩ መቶ ሊሞላ ትንሽ ከቀረው ወጥቶ ይቀንሳል፤ መቶውን ትንሽ ካለፈ ወርዶ ይጨምራል። ጣት የለ፣ ምራቅ የለ። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፣ ጸጉሩ ይሸታል፤ ጥሩ ሽታ ነው የምላችሁ። ሳድግ እሱን ማግባት እፈልግ ነበር።

ከጣቱም የባሰው ግን ምላሱ ነው። ድስቱ ሊወጣ ሲል አያቴ በማንኪያ ትንሽ ይቀዱና ያቀዘቅዙታል፤ ከዚያ ኮስቲክ በዝቶበት እንደሆነ ለማወቅ በምላሳቸው ጫፍ ይነኩታል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ይተፉታል፣ አፋቸውን በውሃ ይጉመጠመጣሉ። «አልነከሰም፣ ይውጣ» ይላሉ። የቄራ ሞራ! ምላሳቸው መሃሉ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሊስሙኝ ሲሉ ፊቴን አዞር ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ተዉት። እኔ እንደገላገሉኝ ነበር የቆጠርኩት።

ከዚያ ሐሙስ ሁለት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ፣ የምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኞቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ይበላሉ። አያቴ ድስቱ ጋ ናቸው። እናቴ እጇን ለመታጠብ ሄዳለች።

«እስቲ አያትሽን ሁኚልን» አለኝ ቶሎ-ቶሎ።

ሆንኩ። ጎበጥ አልኩ፣ ከንፈሬን ወደ ውስጥ ሰበሰብኩ። አውራ ጣቴን እስኪንጠባጠብ በምራቅ አርሼ አንጓዬን መቁጠር ጀመርኩ። «አራት መቶ ልበለው... አራት መቶ ልበለው... ስንት ነበር ያልኩት?» ከዚያ የዳቦ ቁራሽ አንስቼ እንደ ሳሙና ላስኩት፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንዲት ሴትዮን ሳቅ አንቆ ሊገላት ነበር፤ ጀርባዋን መቱላት። «ኧረ ይቺ ልጅ ታስጨርሰናለች!» አሉ። ደግሜ ላስኩት።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉም ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው እሱ የሳቀው። ጠራኝና አጎንብሶ፣

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?» አለኝ።

«ሁልጊዜ!»

«ይጠፋባቸዋል?»

«ሦስቴ!» አልኩ። «ሦስቴ ነው ከመጀመሪያው የሚጀምሩት!»

ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። የኪሱ ብናኝ ተለጥፎበታል። በላሁት።

ሦስቴ መጀመራቸው እውነት ነው። ሞራው ሲመዘን አንዴ፣ ኮስቲኩ ሚዛን ላይ ሲወጣ አንዴ፣ ድስቱ ውስጥ ሊገባ ሲል ደግሞ አንዴ። «ጠፍቶባቸው አይደለም፤ ሆን ብለው ነው። ሦስቱ አንድ ካልሆነ እጃቸው አይነሳም ነበር» ያለችኝ እናቴ ናት፤ አምና፣ አልጋ ላይ ሳለች። ማክሰኞ የሆነውን ግን አልነገርኳትም። ሁለት ወር አጠገቧ ተቀምጬ አስታመምኳት፤ ልነግራት አፌን በከፈትኩ ቁጥር ውሃ ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ።

ወደ ሐሙሱ ልመለስ። ኃላፊው «ሦስት መቶ ሰባ» አለ። አያቴ ጣታቸውን አረሱ፣ ወጡ፣ ተመለሱ። ቶሎ-ቶሎ ግድግዳ ተደግፎ መልሱን በከንፈሩ ቀድሞ ጨርሷል፤ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

«ሃምሳ አንድ ከስምንት።»

«አርባ ሰከንድ» አለ ኃላፊው፣ ጻፈ። «አራት መቶ አሥር።»

ይኼን እኔም እችለዋለሁ! የአራት መቶው ሃምሳ ስድስት፣ የአሥሩ አንድ ከአራት፤ ሃምሳ ሰባት ከአራት። ከሳጥኔ ላይ ሳልነሳ ጨረስኩ። አያቴ ግን፣

«አምስት መቶ ልበለው» አሉ።

ቶሎ-ቶሎ በአፍንጫው ሳቀ። እኔ በሀፍረት አንገቴን ደብተሬ ውስጥ ቀበርኩ። አራት መቶ እዚያው አጠገባቸው ነው፤ ምን ዓይነት ሰው ነው ጎረቤት ቤት ለመሄድ ከተማውን የሚዞር?

«የአምስት መቶ፣ ሰባ። ዘጠና አልፌአለሁ። የዘጠና... የዘጠና...» ጣታቸው ወደ አፋቸው ሄደ። ምራቁ ከአንጓቸው ወደ መዳፋቸው ሲወርድ አየሁ። «አሥራ ሁለት ከስድስት። ሃምሳ ሰባት ከአራት።»

«ልክ ነው። ግን ሁለት ደቂቃ» አለ ኃላፊው።

«ልክ ከሆነ ‹ግን›ን ምን አመጣው?» የሚል ድምፅ ሰማን። እናቴ ናት፤ ሽርጧን እንደታጠቀች በሩ ላይ ቆማለች።

«እህቴ፣ ወደ ሥራሽ።»

«ሁለት ደቂቃ ቢጠብቅ ሞራው ተነሥቶ ይሄዳል?»

«ተይው ልጄ» አሉ አያቴ።

ኃላፊው ወንበሩን ወደ አያቴ አስጠጋ፤ ድምፁን እንደ ሐኪም አለሰለሰ። «አባት፣ ከአራት መቶ ቢጀምሩ እኮ በአንድ ትንፋሽ ነበር። ለምን ዞሩ?»

«እኔ በዚያ ነው የምሄደው።»

«እኮ ለምን?»

«በዚያ ነው የምሄደው።»

«አህያም አንድ መንገድ ብቻ ነው የምታውቀው» አለ ቶሎ-ቶሎ ቀስ ብሎ።

«አህያ ግን ጭነቷን ታደርሳለች» አለችው እናቴ። ኃላፊው ሊስቅ ብሎ ተወው።

ሌሎች ሦስት ቁጥሮች ጠየቀ። ሁሉም ልክ መጡ፤ ሁሉም ዘገዩ። ከዚያ ሰዓቱን መልሶ አሰረ። አንድ ሰው እንደነገረው፣ አያቴ ሥራ መሃል እየጠፋባቸው ከመጀመሪያው እንደሚጀምሩ ተናገረ፤ ማን እንደነገረው አልተናገረም። ሳሙና መላሱም ቢሆን በዚህ ዘመን አሳፋሪ ነው፣ እንግዳ ቢመጣ ምን ይላል፣ ከነገ ጀምሮ ማንም ምላሱን ምርት ላይ እንዳያሳርፍ አለ። «እርስዎ ደግሞ ይረፉ፤ ደክመዋል።» አያቴ የሚዛኑን ድንጋዮች አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርገው በልካቸው ደረደሩ። ማንም አላዘዛቸውም።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ከእንግዲህ ጓደኞቼ «የሳሙና ላሹ ልጅ» አይሉኝም ብዬ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ወደ ኋላ ቀርታ ከሴቶቹ ጋር ታወራለች። እኔ ከአያቴ ጋር ነኝ፤ እጃቸውን ግን አልያዝኩም። ትንሽ አስተማሪ ሆኜ፣

«አባባ፣ አራት መቶ አሥር እኮ ወደ ታች ነው የሚቀለው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላደረጉትም?»

 ከዚያ ለኃላፊው ያልነገሩትን ለእኔ ነገሩኝ፤ ልጅ ስለሆንኩ፣ የማይገባኝ ስለመሰላቸው ይሆናል። ልክ ነበሩ፤ አልገባኝም።

«ድሮ ሁለቱንም መንገድ እሄድ ነበር» አሉ። «ከዚህ ከእናንተ ቶሎ-ቶሎ ይልቅ እፈጥን ነበር። አንድ ቀን ሁለት ድስት ወርጄ፣ ጨምሬ ሠራሁ። ሦስተኛው ላይ ቁጥሩ ሌላ ሆነ፣ ወጣሁ። ጭንቅላቴ ግን መጨመር ለምዷል። መቀነስ ሲገባኝ ጨመርኩ። ምላሴን ሲነክሰው ነው ያወቅኩት። ሞራ ጨምሬ አስተካከልኩት፣ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እወጣለሁ፤ የወጣ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ይቀንሳል። ዕድሜ ሲመጣ፣ ልጄ፣ መንገድ መቀያየሪያው ላይ ነው ሰው የሚጠፋው።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አያቴ ተሳስተው ያውቃሉ፣ ደብቀዋልም። ሰነፍ ተማሪ የሚለው ሁሉ እንዲህ ነው አልኩ በሆዴ።

ቶሎ-ቶሎ ሚዛን ያዥ ሆነ። ሥራው ፈጠነ፤ በቀን ሁለት የነበረው ድስት ሦስት ሆነ። እኔም ሚዛን ክፍል መቀመጤን ቀጠልኩ፤ ሌላ መቀመጫ አልነበረኝም። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ የመጀመሪያው ድስት አራት መቶ አሥር ኪሎ ሞራ ነበር። ወረደ፣ ጨመረ። ሁለተኛው አራት መቶ ሃያ። ወረደ፣ ጨመረ። እያፏጨ ነበር የሚሠራው። ሦስተኛው ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት።

«አራት መቶ፣ ሃምሳ ስድስት» አለ። «የአሥራ አምስቱ ሁለት ከአንድ። ሃምሳ ስምንት ከአንድ!» ጣቱን አጮኸና ኮስቲኩን መመዘን ጀመረ።

ሃምሳ ሦስት ከዘጠኝ ነበር መሆን ያለበት። አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም አለፈ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ቁጥሩን ሰምቻለሁ፤ ከአራት መቶ በታች የሆነ ነገር እንዴት ከሃምሳ ስድስት በላይ እንደሚፈልግ አንድ ጊዜ ብቻ ባስብ አገኘው ነበር። አላሰብኩም፤ አፉን እያየሁ ነበር። እንዴት ያምራል ጣት ሳያርስ ሲያሰላ እያልኩ። ያንን ሳሙና ማንም በምላሱ አልነካውም።

ማክሰኞ እናቴ ቆረጠችው። ከጠዋት ጀምሮ እጇን አሳከካት። ለኃላፊው ነገረችው። «ሂሳቡ እኮ ወረቀት ላይ አለ» አላት። እስከ ማታ ቆረጠች፤ ሌሎቹም ሴቶች ቆረጡ። ቤት ስትገባ እጇ ያበጠ፣ የሚያዳልጥ፣ ቀይ ነበር። ጠዋት ላይ የጣቶቿ ቆዳ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ለቀቀ። አንዱን ቁራጭ ትራሱ ላይ አገኘሁት። ምን እንደሆነ ሳላውቅ በእጄ አነሣሁት።

አያቴ አጠገቧ ተቀመጡ። «ስንት ኪሎ ሞራ ነበር?» አሏት።

«ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት።»

«ስንት ኮስቲክ መዘነ?»

እሷ አላወቀችም። «ሃምሳ ስምንት ከአንድ» አልኩ እኔ ከበሩ።

አያቴ ጣታቸውን አረሱ። ወጡ፣ ተመለሱ። ደገሙት። ሦስተኛ ጊዜ ደገሙት። ከዚያ «ጨምሮታል» አሉ፣ ጥርሳቸው ታየ። የሳቁ መሰለኝ። እናቴ እጇ ተልጦ እያቃሰተች፣ እሳቸው ተፎካካሪያቸው በመሳሳቱ ሲስቁ ያየሁ መሰለኝ። እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም። ሮጬ ወጣሁና ግቢው ጥግ ላይ አስመለስኩ።

«የሳቁ?» አለችኝ እናቴ አምና። «ምን ነካሽ? ሲያለቅሱ እኮ አፋቸው እንደዚያ ይሆን ነበር። ‹ነግሬው ቢሆን፣ ያጠፋሁትን ነግሬው ቢሆን› እያሉ ነው ያደሩት። አፍረው ዝም ብለው ነዋ።»

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሳቅ መስሎኝ ኖርኩ። ሲቀበሩም አላለቀስኩም ነበር።

የፋብሪካው ምርመራ በሦስተኛው ቀን ተጠናቀቀ። ቶሎ-ቶሎ ስለ ወርዶ መጨመር ምንም አልተናገረም። «ወጥቶ መመለስ የሚባለውን ዘዴ ያመጡት አሮጌው ሚዛን ያዥ ናቸው፤ እኔ የእሳቸውን ነው የተከተልኩት። ልጅቷም ታውቃለች» አለ። ኃላፊው ቢሮው አስጠርቶኝ፣ «አያትሽ እንዲህ ነው የሚያሰሉት፣ አይደል? እስከ መቶው ወጥተው?» አለኝ። እውነቱን ነው የጠየቀኝ፤ «አዎ» አልኩ። ጻፈው። የሚጽፍበት እጁ ወፍራም ነበር፣ ጥፍሩ የተወለወለ፣ ቆዳው ሙሉ። ዛሬም እንደዚያ ያለ እጅ ሊጨብጠኝ ሲዘረጋ ይዘገንነኛል። ያን ቀን ግን ከረሜላ ይሰጠኝ ይሆን ብዬ ኪሱን አየሁ።

በወረቀቱ ላይ «የቀድሞው ሚዛን ያዥ ባስተማሩት የተሳሳተ የስሌት ዘዴ ምክንያት» የሚል ሰፈረ። ወረቀቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ አያቴ ሄደው ቆመው አነበቡት፣ ወደ ቤት ተመለሱ፣ ከዚያ በኋላ ያንን ግቢ አልረገጡም። በዘጠነኛው ወር ሞቱ።

ቶሎ-ቶሎ በሚዛኑ ላይ ሌላ ስድስት ዓመት ሠራ። የእናቴ እጅ ሲድን ጣቶቿ እስከ መጨረሻው አልታጠፉም፤ አሻራም አልነበራቸውም። በሰባተኛው ሳምንት ወደ መቁረጫ ክፍል ተመለሰች፤ ሌላ ሥራ አልነበረም።